የጥልቁ ሻርክና የሳንጋኔብ ወፍ

በካርቱም ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚተዳደረው የሱዳን የተፈጥሮ ታሪክ ቤተ መዘክር በፈረንጆች አቆጣጠር በ1929 ዓ.ም. የተቋቋመ ነው። በሚያዝያ 2023 ዓ.ም. በከተማይቱ ጦርነት በተነሣ ጊዜ፣ ሕንፃው ከጦር ሠራዊቱ ጠቅላይ መምሪያ አቅራቢያ ስለ ነበረ ሠራተኞቹ ሊደርሱበት አልቻሉም። በሕይወት የነበሩት እንስሳት የሚመግባቸው አጥተው አለቁ፤ ለብዙ ዓመታት የተጠበቁት ናሙናዎችም ለጥፋት ተዳረጉ። መዝገቡ የተቃጠለበት ነጋዴ ሒሳቡን ከደረሰኞቹ ሊያቃና ይችላል፤ የእንስሳ ናሙና ግን ግልባጭ የለውም። የጉዳቱን ዓይነት ለመረዳት በዚያው በሱዳን ጠረፍ የሚታወቁትን ሁለት ፍጥረታት ማነጻጸር ይበቃል።

አንደኛው ኢያጎ ኦማኔንሲስ የተባለው ትንሽ ሻርክ ነው። በ1939 ዓ.ም. ለሳይንስ የተገለጸው፣ ማባሒስ የተባለችው የግብፅ መርከብ ለጥናት ተጉዛ ካመጣቻቸው ዓሦች መካከል ነው። እንስቲቱ ከተባዕቱ እጅግ ትበልጣለች፤ ቢሆንም ከ60 ሳንቲ ሜትር አታልፍም። ሊቃውንቱን በአመዳደቡ ስላስቸገራቸው በ1971 ዓ.ም. የወገን ስሙን ከሼክስፒር ተንኰለኛ ከኢያጎ ወሰዱለት፤ ዓሣው ግን ምንም አልበደለም። የባብ ኤል መንደብ መተላለፊያ ጥልቀት የሌለው በመሆኑ የውቅያኖሱ ቀዝቃዛ ውኃ ወደ ቀይ ባሕር ሊገባ አይችልም፤ ስለዚህ የባሕሩ ወለል እንኳ ወደ 21 ዲግሪ ሙቀት አለው። ይህ ሻርክ በቀይ ባሕር እስከ 2,000 ሜትር ገደማ ሳይወርድ እንደማይቀር ይገመታል። የሰው ዓይን በማይደርስበት ጨለማ ቢኖርም ናሙናዎቹ ብዙ ናቸው፤ አንዱ ቢጠፋ ሌላው ይተካዋል።

ሁለተኛይቱ በጠራራ ፀሐይ የምትበርር ወፍ ናት። በግንቦት 1984 ዓ.ም. ከፖርት ሱዳን በስተሰሜን ምሥራቅ ባለው በሳንጋኔብ የመርከብ መብራት ማማ አጠገብ አንዲት ወፍ ሞታ ተገኘች። ጀርባዋ ጥቁር ሰማያዊ፣ ወገቧ ግራጫ ነው፤ ወገኗም በአየር ላይ ነፍሳትን እየለቀሙ ከሚኖሩት ከዘማሪ ወፎች ክፍል ነው። በ1985 ዓ.ም. ለሳይንስ ተገለጸች፤ ዛሬ ፔትሮኬሊዶን ፐርዲታ ትባላለች፤ ፐርዲታ በላቲን ‹የጠፋች› ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ እርሷን የመሰለች በእርግጠኝነት አልታየችም። ጨርሳ ጠፍታለች ለማለትም ማስረጃ የለም። ያቺ ሬሳ ብትጠፋ፣ ከጽሑፍ በቀር የወገኗ ምልክት አይቀርም ነበር።

በኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ፣ በአዋሽና በላንጋኖ አካባቢ፣ ከ1980ዎቹ ወዲህ እርሷን የሚመስሉ ወፎች ታይተዋል፤ ተመልካቾቹ ግን በመልካቸው ልዩነት አግኝተውባቸዋል። ከመካከላቸው አንዱ በእጅ የተያዘ እንደ ሆነ የሚመሳከረው ከሳንጋኔብ ከተገኘችው ከዚያች ከአንዲት ሬሳ ጋር ነው።