የመድን ክርክርና የሠርቶ አደሩ መብት

ሕግ በወረቀት ላይ በመስፈሩ ብቻ የማንንም መብት አያስከብርም። መብቱን ያወቀና የተደራጀ ሕዝብ ግን ሕግን ሕያው መሣሪያ ያደርገዋል። ይህን እውነት የመድን ክርክር በጉልህ ያሳየናል።

እንደሚታወቀው በጅማ መንገድ ሰበታን፣ በአምቦ መንገድ ቡራዩን፣ በጎጃም መንገድ ሱሉልታን አቋርጠው አዲስ አበባ የሚገቡት የጭነትና የሕዝብ ማመላለሻ መኪናዎች ብዙ ናቸው። በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለሉት እነዚህ ከተሞች የሠርቶ አደሩ መኖሪያዎች ናቸው። አንድ መኪና ይዞ ቤተሰቡን የሚያስተዳድር አሽከርካሪ አደጋ ሲደርስበት ገቢው አብሮ ይቆማል። ኩባንያው «ይህ ጉዳት በውሉ አይሸፈንም» ያለ እንደሆነ ጉዳዩ ወደ ፍርድ ቤት ያመራል። ቀጠሮ በተራዘመ ቁጥር የሚጎዳው ማነው? ካፒታሉን ይዞ የሚጠብቀው ኩባንያ ሳይሆን የዕለት ጉርሱን ያጣው አሽከርካሪ ነው።

በ1967 ዓ.ም. የመድን ኩባንያዎች በመንግሥት ተወረሱ፤ በ1986 ዓ.ም. ለግል ባለሀብቶች ዳግም ተፈቀዱ። ባለቤትነቱ ሲለዋወጥ በውሉ ደቃቅ ጽሑፍና በአንባቢው መካከል ያለው ርቀት ግን አልጠበበም።

ከዚህ አንፃር በ2013 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 1234 ያስገባው ፍርድ ቤት መር አስማሚነት ትልቅ ትርጉም አለው። እንዲህ ያለው ክርክር በፌዴራል ፍርድ ቤት በቀረበ ጊዜ ባለጉዳዮቹ ወደ አስማሚ ሊመሩ ይችላሉ። አስማሚው አይፈርድም፤ ሁለቱን ወገኖች በምሥጢር አነጋግሮ ልዩነታቸውን ለማጥበብ ይጥራል። ከተስማሙ ስምምነታቸው በፍርድ ቤት ጸድቆ እንደ ፍርድ ይፈጸማል፤ ካልተስማሙ ክርክሩ ወደ ችሎት ይመለሳል።

«ሽማግሌ እያለ ክስ ለምን?» የሚሉ አሉ። ሽምግልና የሕዝባችን ክቡር ባህል ነው። ይሁን እንጂ የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ በአንቀጽ 674 ከመድን ውል የሚነሣ ክስ በሁለት ዓመት ይርጋ እንደሚታገድ ደንግጓል። «ነገ ተመለስ» እየተባለ ሁለቱ ዓመት ያለቀ እንደሆነ ሽማግሌው የሚማልድበት መብት አይኖርም። ክስ ተመሥርቶ የሚደረግ አስማሚነት ግን ይርጋው ከተቋረጠ በኋላ የሚካሄድ ነው። ትልቁ ጥቅሙም ይኸው ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ንቃት ነው። ኩባንያው «ደብቀሃል» ሲል ሕጉ ሁለት ነገሮችን ይለያል። ሆነ ብሎ መደበቅ ውሉን ያፈርሳል፤ ያለ ተንኮል የተፈጸመ ስሕተት ግን ካሣውን ይቀንሰው እንደሆነ እንጂ ውሉን አያፈርሰውም። ይህን የማያውቅ ባለጉዳይ አስማሚው ፊት ቀርቦ ከሙሉ መብቱ ሩቡን እንደ ምጽዋት ይቀበላል፤ የሚያውቅ ግን ስለ መጠኑ ይደራደራል።

ስለሆነም የነዋሪ ማኅበራት፣ እድሮችና የሠራተኛ ማኅበራት በየስብሰባቸው የመድን ውሎችን ሊያስነብቡ ይገባል። ማንም ባለጉዳይ ውሉን ሳያነብ፣ ሳይመክርና ቀኑን ሳይቆጥር አይፈርም! ዕርቅ መብትን አውቆ የሚደረግ ስምምነት ነው፤ ከድካም የመጣ ፊርማ ዕርቅ ሊባል አይችልም።