ተረትና እውነታ፦ «ምድር ለሰው ተገዝታለች» እና የእንጦጦ ጋራ

«እግዚአብሔር ምድርን ለሰው አስገዝቷል፤ እንዳሻው ቢቆርጥ ኃጢአት የለበትም» የሚለው አባባል ግማሹ እውነት ነው። ኦሪት ዘፍጥረት በመጀመሪያው ምዕራፍ ሰውን በፍጥረት ላይ ይሾመዋል። ከእንጦጦ ማገዶ ተሸክማ ወደ የካ የምትወርድ እናትም ለልጆቿ ጉርስ ብላ ነውና በደለኛ አትባልም። ጥፋቱ ይህን አባባል የሚያስተምረው ሰባኪ ነው፤ ንባቡን በመጀመሪያው ምዕራፍ ላይ ያቆማል። ሁለተኛው ምዕራፍ አዳም ገነትን እንዲሠራና እንዲጠብቅ እንደተቀመጠ ይናገራል። በምዕራፍ 9 የኖኅ ቃል ኪዳን እንስሳትንም ያቅፋል። ዘሌዋውያን 25 መሬት በሰባተኛው ዓመት እንድታርፍ ያዛል፤ ዘዳግም 20 ከተማ የከበበ ሠራዊት እንኳ የፍሬ ዛፍ እንዳይቆርጥ ይከለክላል። ለጦር ያልተፈቀደ በሰላም ቀን እንዴት እንደሚፈቀድ የሚያስረዳ ሰባኪ እምብዛም አይገኝም። በቅዳሴ ስለ ዝናምና ስለ ወንዞች እየተማለደ ጋራውን ማራቆት ግን ይቻላል!

ዋጋውን እንጦጦ ከፍሏል። ጽድ፣ ወይራና ኮሶ የሚበቅሉበት ጋራ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ከነገሡ በኋላ አዲስ አበባ እየሰፋች ስትሄድ ማገዶ ጠፋ፤ መናገሻውን ወደ አዲስ ዓለም የማዛወር ሐሳብም ተነሣ። አዲስ አበባን ያተረፋት ከአውስትራሊያ የመጣው፣ ቢቆረጥም ከጉቶው የሚያቆጠቁጠው ባሕር ዛፍ ነው። ውለታው አይካድም። «አረንጓዴ ከሆነ ደን ነው» ማለት ግን ሌላ ስሕተት ነው፤ ጥቅጥቅ ባለ ባሕር ዛፍ ሥር ሣርና ቁጥቋጦ ይሳሳል፣ ቅጠሉም ለማገዶ ተጠርጎ ይወሰዳል፤ የክረምቱ ጎርፍም የሚይዘው አጥቶ አፈሩን እየጠረገ ወደ ቀበና ወንዝ ይወርዳል።

«ምድር በእሳት ታልፋለች፤ መትከል ምን ይጠቅማል?» የሚሉም አሉ። ሥጋም ያልፋል፤ ሆኖም ሰው ሲታመም መታከሙን ኃጢአት ያለ የለም። 2ኛ ጴጥሮስ ምዕራፍ 3 ስለ እሳቱ የሚናገረው ሰው በቅድስና እንዲኖር ለማሳሰብ እንጂ ሥራ ፈትቶ እንዲጠብቅ አይደለም።

«የአካባቢ ጥበቃ ከፈረንጅ የመጣ ነው» የሚለው ክርክር ብዙ አያስኬድም። በአብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ የሚጠበቀው ደን ከዘመናዊው ንቅናቄ በብዙ ይቀድማል፤ እርግጥ ካህናቱ የጠበቁት ለታቦቱ ክብርና ለጥላው እንጂ በሥነ ምህዳር ስሌት አልነበረም።

«የደብር ደን በቅድስናው ራሱን ይጠብቃል» የሚለውም በተግባር አይጸናም። በደቡብ ጎንደር የደብር ደኖችን ያጠኑት ዶ/ር አለማየሁ ዋሴ ከብት ችግኙን እየጋጠና እየረገጠ እንደሚያጠፋ አሳይተዋል። ምእመናኑ ከማሳ የለቀሙትን ድንጋይ ደርድረው የካብ አጥር ባቆሙባቸው ደብሮች ግን ችግኙ እንደገና መብቀል ጀምሯል።