ኮፈኑን የማይከፍት ባለመኪና

በነሐሴ አጋማሽ አንድ ማለዳ የሥራ ባልደረባችን በስልክ ቀሰቀሰን። እናቱን ለቀዶ ሕክምና ሊያደርስ ቢነሣ መኪናው እንቢ ብሎታል። ሮጠን ስንደርስ እናቱ ከማታ ጀምሮ እህል ሳይቀምሱ፣ ነጠላቸውን ተከናንበው ከኋላ ወንበር ተቀምጠዋል። የሰፈሩ ጎረምሶችም ተሰበሰቡና አብረን መግፋት ጀመርን። ላብ አጠመቀን፤ መኪናው ግን አውቶማቲክ ስለ ነበረ እስከ ማታ ብንገፋውም የሚነሣ አልነበረም። ማርሹ በእጅ የሚገባ መኪና ሲገፋ ጎማው ሞተሩን ያዞረዋል፤ በአውቶማቲክ ግን ሞተሩ ቆሞ ሳለ ኃይሉን የሚያስተላልፈው የዘይት ግፊት ስለሌለ ጎማው ብቻውን ይዞራል። ከአራት ምሩቃን መካከል ይህን የሚያውቅ አንድ እንኳ አልተገኘም። ቀጠሮው አለፈ፤ ሌላ የተሰጣቸውም ከሁለት ወር በኋላ ነው።

ረፋዱ ላይ የመጣው መካኒክ የባትሪውን ማሰሪያ በጣቱ ነካ ቢያደርገው ተወዛወዘ፤ ነጭ ዝገትም ወርሶታል። ፈትቶ በሙቅ ውሃ አጠበው፣ በሽቦ ብሩሽ ፍቆ አጠበቀው። መኪናው ወዲያው ተነሣ። ሥራው ሩብ ሰዓት አልፈጀም።

በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገራችን እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ተከልክሏል። ስለዚህም ወጣቱ ሠራተኛ ተበድሮ የገዛው አሮጌ ቪትዝ ከዕዳው ይልቅ ረዥም ዕድሜ እንዲኖረው ያስፈልጋል።

ባትሪው በእውነት የደከመ እንደ ሆነ ከሌላ መኪና በገመድ ኃይል መበደር ይቻላል። በቅድሚያ ሁለቱም 12 ቮልት መሆናቸው ይረጋገጥ፤ ብዙ የጭነት መኪና 24 ቮልት ስለሆነ «ከዚያ ከጭነቱ እንበደር» የሚለውን አትስሙ። ሞተሮቹ ጠፍተው ሳለ ቀዩ ገመድ ከደከመው ባትሪ የመደመር ምልክት፣ ቀጥሎም ከደኅናው መደመር ይያያዛል። ጥቁሩ ከደኅናው የመቀነስ ምልክት ይጀምራል፤ የመጨረሻው ጫፉ ግን በደከመው ባትሪ ላይ አይውልም፤ ከባትሪው ራቅ ያለ፣ ቀለም ያልነካው የሞተር ብረት ይፈለግለታል። ባትሪ ሃይድሮጂን የተባለ ጋዝ ያወጣል፤ ያ የመጨረሻ ጫፍ ሲነካ ደግሞ ብልጭታ ይፈነጥቃል። ሁለቱ ከተገናኙ ባትሪው ፈንድቶ አሲዱ ዐይን ሊያጠፋ ይችላል። ደኅናው መኪና ተነሥቶ ጥቂት ደቂቃ ከሠራ በኋላ የደከመው ይሞከራል፤ ከተነሣም ገመዶቹ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ይፈታሉ።

የሞተር ዘይት የሚታየው መኪናው በደልዳላ ስፍራ ቆሞ፣ ሞተሩ ከጠፋ ጥቂት ቆይቶ ነው። የመለኪያው ዘንግ ተጠርጎ እንደገና ይገባል፤ ሲወጣ ዘይቱ በሁለቱ ምልክቶች መካከል መሆን አለበት። ወተት የመሰለ እንደ ሆነ ውሃ ገብቶበታልና ሞተሩን አታስነሡ።

የራዲያተሩን ክዳን ሞተሩ ሳይቀዘቅዝ የሚከፍት ሰው ፊቱን ይቃጠላል። ክዳኑ ውሃውን በግፊት ስለሚይዘው ከመፍያው ልክ በላይ ሞቆም ሳይፈላ ይቆያል፤ ሲከፈት ግን በአንድ ጊዜ ገንፍሎ ይወጣል። በአዲስ አበባ ከፍታ ደግሞ ውሃ በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ፣ ክዳኑ የላላ ወይም ባዶ ውሃ የተሞላ ራዲያተር እዚህ ቶሎ ይፈላል።

የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል፤ እርጥበት በጠጣ ቁጥርም ቶሎ የሚፈላ ይሆናል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ፣ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት፣ ፍሬኑን ሳይለቅ የሚወርድ ሰው ያረጀ ዘይቱን ሊያፈላው ይችላል። የፈላው ዘይት እንፋሎት ይሆናል፤ ፔዳሉም ሲረገጥ ያለ ተቃውሞ ወለሉን ይነካል። ዕቃው ውስጥ ያለው ዘይት ጎድሎ ከተገኘ ደግሞ ወይ ሸራው አልቋል፣ ወይ የሚፈስስበት አለ፤ በላዩ ጨምሮ ወደ ጎጃም መንገድ ከመጀመር በፊት መካኒክ ይየው።