ከጀሞ የተላከው ጥቅል የት ደረሰ?
ዕቃ ለመላክና ለመከታተል የሚያገለግል ቀላል የሞባይል መተግበሪያ አነዳደፍ

በጀሞ የጋራ መኖሪያ ቤቶች የሚኖሩ ምእመናን ለተወለዱበት አጥቢያ ጧፍ፣ ዕጣን፣ ዘቢብ፣ መጻሕፍትና አልባሳት ይልካሉ። ወደ ወሎ የሚላክ ጥቅል ለምሳሌ ከሰበካ ጉባኤው ጽሕፈት ቤት በአንድ አገልጋይ እጅ ይወጣል፤ በላም በረት መናኸሪያ ለአውቶቡስ ረዳት ይሰጣል፤ በመጨረሻም ወደ ገጠሩ ደብር የሚሄድ ሰው ይረከበዋል። ማን ከማን እንደ ተረከበ ካልተጻፈና ዕቃው ከጠፋ ጉዳቱ ከዋጋው ያልፋል። ሰጪው ኮሚቴውን፣ ኮሚቴውም አገልጋዩን ይጠራጠራል።

ስለዚህ የመተግበሪያው ዋና ተግባር ርክክብን መመዝገብ ነው። ነገሩ ለንብረት ክፍል ሠራተኞች እንግዳ አይደለም፤ ንብረት በሞዴል 22 ወጪ ሆኖ በሞዴል 19 ገቢ እንደሚደረግ ያውቃሉ። በስልክም አራት ደረጃዎች ይበቃሉ፦ «ተመዘገበ»፣ «ለአጓጓዥ ተሰጠ»፣ «መናኸሪያ ደረሰ»፣ «ተቀባዩ ተረከበ»። በእያንዳንዱ ደረጃ የተረካቢው ስም፣ ቀንና ሰዓት ይመዘገባል። የመጨረሻው ደረጃ የሚሞላው ተቀባዩ በአጭር መልእክት የደረሰውን ምስጢራዊ ቁጥር ሲናገር ብቻ ነው፤ ላኪው በራሱ ሊሞላው አይገባም።

እያንዳንዱ ጥቅል የራሱ መለያ ያስፈልገዋል። በዓለም አቀፍ የፖስታ አሠራር መለያው ሁለት ፊደላት፣ ዘጠኝ አኃዞችና የሀገሩ ምልክት የሆኑ ሁለት ፊደላት አሉት። ዘጠነኛው አኃዝ ከቀደሙት ስምንቱ በስሌት የሚገኝ ማረጋገጫ ሲሆን፣ ቁጥሩ በስሕተት ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ ያጋልጣል። የሰበካው መለያ ከዚህ ቢያጥርም እንዲህ ያለ ማረጋገጫ ቢኖረው ይጠቅማል።

ቅጹ የአካባቢውን ልማድ ይከተል። በጀሞ አድራሻ የሚነገረው በመንገድ ስም ሳይሆን በሳይት፣ በብሎክና በቤት ቁጥር ነው፤ በገጠር ደግሞ በወረዳ፣ በቀበሌና በደብር ስም። ስም ሲፈለግ «ሥላሴ» እና «ስላሴ»፣ «ኃይለ» እና «ሀይለ» እንደ አንድ መቆጠር አለባቸው። ቀኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይታይ፤ በስልክ ሰዓት 9 የሚባለውም ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተብሎ ይጻፍ።

ኔትወርክ በሌለበት ቦታ መዝገቡ በስልኩ ውስጥ ተቀምጦ መስመር ሲገኝ ይላክ። ተቀባዩ ተራ ስልክ ቢኖረውም አጭር መልእክት ይበቃዋል። የክፍያ አገልግሎት ለጊዜው ይቆይ፤ ሥራውን ያወሳስባል። የሰዎችን ስልክ ቁጥር የሚያዩት ጥቅሉን የሚያስተላልፉት ብቻ ይሁኑ፤ የግል መረጃን መጠበቅ በአዋጅ ቁጥር 1321/2016 የተደነገገ ግዴታ ነው።

የተባረኩ ንዋያተ ቅድሳት በካህናት እጅ የሚያዙ በመሆናቸው በዚህ አሠራር አይካተቱም።

ኮሚቴዎች ለባለሙያ ገንዘብ ከመክፈላቸው በፊት አራቱን ደረጃዎች በደብተር አስምረው ለአንድ ወር ይሞክሯቸው። በደብተር ሳይሞላ የቀረው ዓምድ በስልክም ባዶ ሆኖ ይቀራል፤ ማን እንደሚሞላው አስቀድሞ መወሰን የኮሚቴው ድርሻ ነው። ርክክቡ በየእጁ ከተጻፈ ምእመኑ የሰጠው ዕቃ መድረሱን ያውቃል፤ በቅንነት የተሸከመው አገልጋይም ከሐሜት ይድናል።