ሌዘርና ጎነ ሦስት፦ በገዛ እጃችን የምንሠራው የርቀት መለኪያ

ብርሃን በአንድ ሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። አንድ ጨረር ወደ አንድ አካል ተልኮ እስኪመለስ የፈጀውን ጊዜ ካወቅን፣ ጊዜውን በብርሃን ፍጥነት አባዝተንና ለሁለት አካፍለን ርቀቱን እናገኛለን። በ1969 እ.ኤ.አ. የአፖሎ 11 ጠፈርተኞች ጨረቃ ላይ ባስቀመጡት አንጸባራቂ አማካይነት የምድርና የጨረቃ ርቀት የተለካው በዚሁ ዘዴ ነው፤ ጨረሩ ደርሶ ለመመለስ 2.5 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል።

ታዲያ አንድ ተማሪ ይህንኑ በጠረጴዛው ላይ ለምን አይሞክረውም? ችግሩ ያለው ከሰዓቱ ላይ ነው። በአርዱዊኖ ኡኖ ሰሌዳ ላይ የሚገኘው ማይክሮኮንትሮለር ሰዓት በሰከንድ 16 ሚሊዮን ጊዜ ይመታል። ከአንዱ ምት እስከ ሌላው 62.5 ናኖ ሰከንድ ሲሆን፣ በዚህች ቅጽበት ብርሃን 18.75 ሜትር ይጓዛል። የደርሶ መልሱን ግማሽ ስንወስድ፣ ምት ብቻ የሚቆጥር መሣሪያ ከ9 ሜትር የሚያንስ ልዩነትን መለየት አይችልም ማለት ነው። የክፍላችንን ስፋት እንኳ አይለካልንም።

ከጊዜ ወደ ማዕዘን

መፍትሔው ሰዓቱን ትቶ ወደ ጂኦሜትሪ መመለስ ነው። አንድ ቀይ ሌዘርና አንድ ሌንስ በ10 ሴንቲ ሜትር ልዩነት ጎን ለጎን፣ ትይዩ ሆነው ይተከላሉ። ከሌንሱ ጀርባ 128 ፒክስሎች በአንድ መስመር የተደረደሩበት የብርሃን ሴንሰር ይቀመጣል። ሌዘሩ ግድግዳ ላይ የሚያሳርፈው ነጥብ በሌንሱ አልፎ በሴንሰሩ ላይ ምስሉን ይጥላል። ግድግዳው ሲቀርብ ምስሉ ወደ ጎን ይሸሻል፤ ሲርቅ ወደ መነሻው ይጠጋል።

ከሌንሱ ፊትና ጀርባ የሚፈጠሩት ሁለት ጎነ ሦስቶች ተመሳሳይ ስለሆኑ፣ የምስሉ ሽሽት የሌንሱ የትኩረት ርዝመት በ10 ሴንቲ ሜትሩ ተባዝቶ ለርቀቱ ሲካፈል ከሚገኘው ጋር እኩል ነው። የትኩረት ርዝመቱ 16 ሚሊ ሜትር፣ የአንድ ፒክስል ስፋት ደግሞ 0.0635 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ ምስሉ በ50 ሴንቲ ሜትር ርቀት 50 ፒክስል፣ በ1 ሜትር 25፣ በ2 ሜትር 13 ያህል ይሸሻል።

እዚህ ላይ የመሣሪያው ድክመት ይገለጣል። የአንድ ፒክስል ስሕተት በ50 ሴንቲ ሜትር ርቀት 1 ሴንቲ ሜትር፣ በ1 ሜትር 4፣ በ2 ሜትር 16 ያህል ስሕተት ያስከትላል። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ስሕተቱ አራት እጥፍ ያድጋል።

የማይክሮኮንትሮለሩ ድርሻ

ማይክሮኮንትሮለሩ መጀመሪያ ሌዘሩን አብርቶ፣ ቀጥሎም አጥፍቶ ፒክስሎቹን ያነባል። ሁለተኛውን ንባብ ከመጀመሪያው ሲቀንስ የአምፖሉና የመስኮቱ ብርሃን ተወግዶ የሌዘሩ ነጥብ ብቻ ይቀራል። ከዚያም የነጥቡን መሐል ያሰላል።

ሌንስና ሌዘር ፍጹም ትይዩ አድርጎ መትከል አዳጋች ስለሆነ መሣሪያውን ከሜትር ጋር ማነጻጸር ያስፈልጋል። ለምሳሌ በ50 ሴንቲ ሜትር ርቀት ምስሉ 60ኛው፣ በ100 ሴንቲ ሜትር 35ኛው ፒክስል ላይ ቢያርፍ፣ መነሻው 10ኛው ፒክስል፣ ቋሚው ቁጥር 2500 ይሆናል። ምስሉ 30ኛው ላይ ቢታይ 2500ን ለ20 እናካፍላለን፤ ርቀቱ 125 ሴንቲ ሜትር ነው።

ስለ ዓይን ጥንቃቄ

ኃይሉ ከ1 ሚሊ ዋት የማይበልጥ ሌዘር ብቻ እንጠቀም። በርካሽ ሌዘሮች ላይ የተጻፈው ቁጥር ሁልጊዜ አይታመንም። ጨረሩን በዓይን ከፍታ አንትከል፤ ወደ ሰው፣ ወደ መስታወትም አናነጣጥር። የተበላሸ ልኬት ሊደገም ይችላል፤ የተጎዳ የዓይን ሬቲና ግን ላይመለስ ይችላል።