ባሮ ሽንኩርት የትኛው ድስት ውስጥ ይገባል?

ባሮ ሽንኩርት በአትክልት መደብር ከካሮትና ከጥቅል ጎመን ጎን ተደርድሮ ይታያል፤ ግንዱ ወፍራምና ነጭ፣ ቅጠሉ ሰፊና አረንጓዴ ነው። ብዙ ቤት ግን የሚገዛው ለሾርባ ብቻ ነው። የቀይ ሽንኩርት ኃይለኛ ጣዕም ለሚከብደው ሰው ከዚያ የሰፋ አገልግሎት አለው።

ተክሉ ከቀይና ከነጭ ሽንኩርት ጋር የአንድ ወገን ቢሆንም እንደ እነሱ ከሥሩ ራስ አያበጅም። የምንበላው እርስ በርስ ተጠቅልለው ግንድ የመሰሉትን ቅጠሎቹን ነው። ገበሬው ተክሉ ባደገ ቁጥር አፈር ያስታቅፈዋል፤ ብርሃን ያላገኘው ክፍልም ነጭና ለስላሳ ሆኖ ይቀራል።

ሰው ካወቀው ብዙ ዘመን ሆኖታል። በኦሪት ዘኁልቁ ምዕራፍ 11 እስራኤላውያን በምድረ በዳ ሳሉ ከናፈቋቸው የግብፅ ምግቦች አንዱ ነው። የሮሙ ቄሳር ኔሮ ድምፁ እንዲያምርለት ይበላው እንደነበር ይነገራል። የዌልስ ሰዎች ደግሞ ብሔራዊ ምልክታቸው አድርገውት በቅዱስ ዳዊት ቀናቸው፣ ማርች 1፣ ደረታቸው ላይ ይሰኩታል።

ሽንኩርት ሲከተፍ ሕዋሶቹ ይሰነጠቁና ተለያይተው የነበሩ የሰልፈር ውህዶችና ኢንዛይሞች ይገናኛሉ። ዓይን የሚያቃጥለውና ምላስ የሚቆነጥጠው ነገር የሚመጣው ከዚህ ነው። ባሮ ሽንኩርትም ይህ አለበት፤ ግን ለዘብ ያለ ነው። ሲበስል ጣፋጭነቱ ያይላል።

ለአፍ መለዘቡ ግን ለሆድም ይስማማል ማለት አይደለም። ሽንኩርት በልተው ሆዳቸው የሚነፋ ሰዎችን በአብዛኛው የሚያስቸግራቸው ፍሩክታን የሚባል የካርቦሃይድሬት ዓይነት ነው፤ በባሮ ሽንኩርት ነጩ ክፍልም በብዛት ይገኛል። አረንጓዴው ቅጠል ላይ ግን አነስተኛ ነው። ስለዚህ የአንጀት ሕመምተኞችን አመጋገብ ያጠኑት የአውስትራሊያው ሞናሽ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሚመክሩት ቅጠሉን ነው። ሆድዎ የሚያስቸግርዎ ከሆነ ብዙ ሰው የሚጥለውን ክፍል ይያዙ፣ ነጩን ለሌላው ይተዉ።

አፈር የታቀፈ ተክል ስለሆነ በቅጠሎቹ መካከል አሸዋ አይጠፋም። ሥሩን ቆርጠው በቁመቱ ለሁለት ይሰንጥቁት፤ ቅጠሉን እየገለጡ በሚወርድ ውኃ ይጠቡት። ከዚያ በስሱ ይክተፉት። ዘይት ወይም ቅቤ ጣል አድርገው፣ ጨው ነስንሰው፣ ድስቱን ከድነው በለስላሳ እሳት ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ያብስሉት። ጠውልጎ መለስለስ እንጂ መጥቆር የለበትም፤ ካረረ ይመራል። ጠንካራውን የቅጠል ጫፍ ለመረቅ ያፍሉት።

ለቀላል ሾርባ ሁለት ባሮ ሽንኩርት እንደዚህ ያለስልሱ፤ ሦስት መካከለኛ ድንች ከትፈው ይጨምሩ፤ አንድ ሊትር ያህል ውኃ ከልሰው ድንቹ እስኪፈርስ ያብስሉ። በዘይት ከተሠራ የጾም ነው። በኒውዮርኩ ሪትዝ ካርልተን ሆቴል ይሠራ የነበረው ፈረንሳዊ ሼፍ ሉዊ ዲያ ይህንኑ ሾርባ ክሬም ጨምሮ በቀዝቃዛው በማቅረብ ለዓለም አስተዋውቆታል።

በእኛ ድስት ቦታው አልጫ ነው። ድንች በካሮት፣ ጥቅል ጎመን፣ የምስር ሾርባና የእንቁላል ጥብስ በቀይ ሽንኩርት ፋንታ ባሮ ሽንኩርት ቢገባባቸው ቅር አይላቸውም፤ እርድና ዝንጅብልም ይስማሙታል። ዶሮ ወጥ ላይ ግን አይሞክሩት። የወጥ ቁሌት ለረጅም ሰዓት ተቁላልቶ የሚሟሟና ወጡን የሚያወፍር ሽንኩርት ይፈልጋል፤ ባሮ ሽንኩርት ግን ክር ክር እያለ ይቀራል፣ በርበሬውንም አይሸከምም። ለቀይ ወጥ ቀይ ሽንኩርት፣ ለአልጫና ለሾርባ ባሮ ሽንኩርት ይያዙ።