የማዳም ኩሪ ሕይወትና ዕረፍት

ማዳም ማሪ ኩሪ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1867 ዓ.ም. በፖላንድ በዋርሶ ከተማ ተወለዱ። በአገራቸው ዩኒቨርሲቲ ሴት አይገባበትም ነበርና በ1891 ወደ ፓሪስ ሄዱ፤ በ1895ም ሙሴ ፒየር ኩሪን አግብተው ሁለት ሴቶች ልጆች ወለዱ። በ1898 ከባላቸው ጋራ ያገኙትን አዲስ ንጥረ ነገር በአገራቸው ስም ፖሎንየም አሉት። በ1906 ባላቸው የፈረስ ጋሪ ገጭቶአቸው ቢሞቱ፥ ልጆቻቸውን እያሳደጉ የሁለቱን ሥራ ቀጠሉ። ነገር ግን ዘመናቸውን ሁሉ የሠሩበት ጨረር ደማቸውን ስለ ጎዳው በ1934 ዐረፉ። በዓመቱ ታላቂቱ ልጃቸው ኢሬን ከባልዋ ጋራ የኖቤልን ሽልማት ተቀበለች፤ በ1956ም እርስዋ ደግሞ በደም ነቀርሳ ሞተች። ከእናትዋ የወረሰችው ርስትና ወርቅ ሳይሆን ሥራውንና ሕማሙን ነው።